ሁለት መቶ ማይክሮሰከንድ

ካርቱም ውስጥ በሠርግ አዳራሽ ወንበር ተሸካሚ ሆኜ ሠርቻለሁ። በዚያ ዓመት በሕይወቴ ትልቁን ደስታ ያየሁት አንድ ሰከንድ አምስት ሺህ ቦታ ቢቆራረጥ ከቁራጮቹ አንዷን በምታህል ጊዜ ምክንያት ነው። ለሰው ሳወራው አብዛኛው ሰው ፊቴን አይቶ በትህትና ራሱን ይነቀንቃል። እኔ ግን ዛሬም ሳነሳው እጄ አያርፍም፤ ድምፄ ጎረቤት ድረስ ይሰማል።

ከዚያ በፊት አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ ቴአትር ቤት የመብራት ባለሙያ ነበርኩ። ለምን እንደወጣሁ ብናገር ብዙ ነው፤ ባጭሩ አፌን መያዝ አልቻልኩም። ካርቱም ስደርስ ሙያዬን የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። ባህሪ በሚባለው የከተማው ክፍል፣ ካፉሪ ከሚባለው ሰፈር ብዙም ሳይርቅ፣ አንድ ትልቅ የሠርግ አዳራሽ ነበር። ባለቤቱ ሐጂ ወፍራም፣ ነጭ ጀለቢያቸው ላይ እድፍ የማይታይ፣ ሲስቁ ሆዳቸው አብሮ የሚስቅ ሰው ነበሩ። ከላይ እስከ ታች አይተውኝ፣ "ያ ሐበሺ፣ ስድስት መቶ ወንበር ትሸከማለህ?" አሉኝ። "በአንድ ጊዜ?" አልኳቸው። ሳቁ፤ በዚያው ተቀጠርኩ።

እጮኛዬ እዚያው ካፉሪ በአንድ ቪላ ውስጥ ትሠራ ነበር። የምታድረውም እዚያው ነው፤ ግቢው ኋላ ባለች ክፍል። የምትወጣው ሰኞ ሰኞ ብቻ ነው። ከተጫጨን ሦስት ዓመት ሆኖናል። እንደ እኛ ያሉት ብዙዎቹ አንድ ቢሮ ሄደው ፈርመው ከሰዓት በኋላ ወደ ሥራቸው ይመለሳሉ። እሷ ግን እንዲህ ያለውን ሠርግ አልፈልግም ብላ ቁርጡን ነግራኛለች። "እናቴ ጎንደር ሆና በስልክ ታየኛለች። አዳራሽ ውስጥ፣ ሰው መሃል፣ በመብራት ታየኛለች። ልጄ ተደብቃ አገባች እንድትል አልፈልግም።" እኔም ጉራዬ አያልቅምና "የሰው ሠርግ እያሰናዳሁ የራሴን በጨለማ አላደርግም" ብዬ ማልኩላት። መማል ቀላል ነው። ያ አዳራሽ ለአንድ ቀን የሚጠይቀውን እኔና እሷ ስንት ዓመት ብንሠራ እንደምናገኘው ግን ሁለታችንም እናውቅ ነበር።

አንድ ቀን ሐጂ ከዱባይ መብራት አስመጡ። ስምንቱ አዲስ ናቸው፤ ሃያ አራቱ ግን ከሌላ አዳራሽ የወረዱ፣ ቀለማቸው የደበዘዘ፣ ግን ገና ጉልበት ያላቸው አሮጌዎች። ጣሪያው ላይ ተሰቀሉ፣ ላፕቶፑ ተከፈተ፣ እኛም ወንበራችንን ጥለን ለማየት ተሰለፍን። አዲሶቹ እንደታዘዙት ሰማያዊ ሆኑ። አሮጌዎቹ አበዱ። አንዱ ቀይ ይሆናል፣ አንዱ ይጠፋል፣ አንዱ እንደታመመ ሰው ዓይኑን ያርገበግባል። ሐጂ ከገበያ አንድ ባለሙያ አስጠሩ። እሱም መሰላል ወጥቶ፣ ወርዶ፣ ሻዩን ጠጥቶ፣ "ማአሌሽ፣ ምንም አይደረግም፣ አርጅተዋል" ብሎ ሄደ።

ሐጂ ፊታቸው ጠቆረ። ሐሙስ የወንድማቸው ልጅ ሠርግ ነው፤ መብራቱን ለዘመዱ ሁሉ አውርተውለታል። እኔ እጄን እንደ ተማሪ አወጣሁ።

"ሐጂ፣ እኔ አስተካክለዋለሁ።"

"አንተ? አንተ የወንበር ሰው አይደለህም እንዴ?"

"እዚህ ነው የወንበር ሰው የሆንኩት። አገሬ ላይ የመብራት ሰው ነበርኩ።"

ዓይናቸውን አጥብበው አዩኝ። "ታማም፣ እሺ። እስከ ሐሙስ ካስተካከልክ ዳይር ሹኑ? ምን ትፈልጋለህ?"

"አንድ ሰኞ።"

"ሰኞ ሹኑ? የምን ሰኞ?"

"አዳራሹን፣ አንድ ሰኞ ቀን። ለራሴ ሠርግ።"

ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። ሰኞ ካርቱም ውስጥ ማንም አያገባም፤ አዳራሹ ባዶውን ነው የሚውለው። "ካስተካከልክ ሰኞው ያንተ ነው፣ ወላሂ። ካልቻልክ ግን አሮጌዎቹን አውርጄ እሸጣለሁ፤ አንተም ስለ መብራት ሁለተኛ አታወራኝም። ኸላስ? ተስማማን?" "ኸላስ" አልኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሁሉም መብራቶች በአንድ ኬብል ይያያዛሉ። ላፕቶፑ በአንዲት ትንሽ ሣጥን በኩል በዚያ ኬብል ላይ ቁጥሮችን በተራ ይልካል፤ የመጀመሪያው ቁጥር የመጀመሪያው መብራት ነው፣ ሁለተኛው የሁለተኛው። የማንም ስም አይጠራም። እያንዳንዱ መብራት እየቆጠረ የራሱ ተራ ሲደርስ የራሱን ይወስዳል፤ የሌላውን ያሳልፋል። ዙሩ ሲያልቅ እንደገና ከአንድ ይጀመራል፤ ይህ ሁሉ በሰከንድ አርባ ጊዜ ያህል ይደጋገማል። ታዲያ አዲስ ዙር መጀመሩን መብራቱ በምን ያውቃል? ከእያንዳንዱ ዙር በፊት መስመሩ ለጥቂት ዝም ይላል። ከማንኛውም ቁጥር የሚረዝም ዝምታ ነው። በሙያው ብሬክ ይባላል። መብራቱ ያንን ዝምታ ሲያገኝ የቆጠረውን ጥሎ ከአንድ ይጀምራል።

ይህን ሁሉ አውቃለሁ። ግን ቴአትር ቤት ሳለሁ ስለዚያች ዝምታ ለአንድ ቀን እንኳን ተጨንቄ አላውቅም። ሣጥኑም መብራቱም አብረው የተገዙ ስለነበሩ ይግባቡ ነበር። ስለዚህ አዳራሹ ውስጥ ችግሩን የፈለግሁት እዚያ ሳይሆን ኬብሉ ላይ ነው። የተዘረጋው የማይክራፎን ኬብል ነበር፤ አጠያያቂ ነው፣ ግን ያን ያህል የሚያሳብድ አልነበረም። እኔ ግን አንዴ "ኬብሉ ነው" ብዬ ተናግሬያለሁ፤ ከተናገርኩ ደግሞ አልመለስም። እሑድና ሰኞ ወንበር ተሸካሚዎቹን ሁሉ መሰላል ላይ አስወጥቼ ኬብሉን አስቀየርኩ። ከታች ሆኜ እንደ አለቃ ስጮህ ዋልኩ። ማክሰኞ ከሰዓት ላፕቶፑን ከፈትኩ። አሮጌዎቹ እንደ ድሮው አበዱ። ጓደኞቼ ከመሰላሉ ወርደው ወደ ወንበራቸው ተመለሱ፤ ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

የዚያን ዕለት አመሻሽ ላይ እንደ ልማዴ ለእጮኛዬ ደወልኩ። እሷ ቀኑን ሙሉ ስትጠርግ፣ ስታጥብ፣ ስትተኩስ ውላ ስልኩን ጆሮዋ ላይ አድርጋ ትጋደማለች። እኔ አወራለሁ። ስለ ሣጥኑ፣ ስለ ቁጥሮቹ፣ ስለ ተራው፣ አንድ ሰዓት ሙሉ። በመሃል "ሰማሽኝ?" እላለሁ። "እ... ቀጥል" ትላለች። ከዚያ እሷም ዝም፣ መስመሩም ዝም። ተኝታለች ብዬ አስብና ለራሴ አወራለሁ። ያን ቀን ስጨርስ፣ "ሐሙስ ባይሆንልኝስ?" አልኳት። መልስ አልነበረም። ስልኩን ዘጋሁት፤ እውነቱን ለመናገር ትንሽ ተቀየምኩ።

ረቡዕ ጠዋት የመታወቂያ እድሳት ቀጠሮዬ ነበር። ሰዓት በሌለኝ ቀን! መቅረት ግን አይቻልም፤ ያለ ካርድ መንገድ ላይ ከተያዝኩ መብራቱም ሠርጉም ቀረ። ቢሮው ግቢ ውስጥ ዛፍ ሥር ሰው ከንጋት ጀምሮ ተሰብስቧል። ጸሐፊው የእኛ ስም አፉን ስለሚያስቸግረው የራሱን ዘዴ ፈጥሯል። ጠዋት የተራ ቁጥር የተጻፈበት ብጣሽ ወረቀት ያድላል። ከዚያ መስኮቱ ላይ ቆሞ ስምም ቁጥርም ሳይጠራ ውሳኔውን ብቻ በተራ ያነባል። "ሁለተኛ ቢሮ። ቡክራ። አራተኛ ቢሮ። ቡክራ። ቡክራ።" ቡክራ ማለት ነገ ና ማለት ነው። አንተ ከሥር እየቆጠርክ የራስህን ትይዛለህ። መጀመሪያ የአዲስ ተመዝጋቢዎቹን ያነባል፤ ከዚያ ወረቀቱን ገልብጦ የእኛን፣ የአሳዳሾቹን፣ ከአንድ ይጀምራል።

አጠገቤ አንድ ሽማግሌ ቆመው ነበር። ከዘራቸውን ተደግፈው፣ ቁጥሩን በጣታቸው እየቆጠሩ። በኋላ እንደነገሩኝ አገራቸው ላይ ሠላሳ ዓመት ያስተማሩ መምህር ናቸው። ጸሐፊው የዚያን ቀን ቸኩሏል። የአዲሶቹን ዝርዝር ጨረሰና ትንፋሽ ሳይወስድ ወረቀቱን ገልብጦ ቀጠለ። እኛ ጎረምሶቹ የወረቀቱን ኮሽታ ይዘን ከአንድ ጀመርን። እሳቸው አልሰሙም። "ሃያ ስድስት፣ ሃያ ሰባት" እያሉ ባለፈው ላይ ይደምራሉ። ዘጠነኛው ተራ ላይ እኔን "ቡክራ" አለኝ። ንባቡ ሲያልቅ ሽማግሌው ወደ እኔ ዞሩ።

"ልጄ፣ የእድሳቱን መቼ ነው የሚጀምረው?"

"ጨርሶታል እኮ አባባ። ስንተኛ ኖት?"

"ሰባተኛ።"

"ሰባተኛው ሁለተኛ ቢሮ ነው የተባለው። ይግቡ፣ ቶሎ።"

ሽማግሌው ተቆጡ። ከዘራቸው መሬቱን መታው። "መቼ ጀመረና ነው የሚጨርሰው! እኔ ሠላሳ ዓመት ስም ጠርቻለሁ። ክፍል ገብቼ ከመጥራቴ በፊት ዝም እል ነበር፣ መጨረሻ ወንበር ላይ ያለው ልጅ ሳይቀር ጆሮውን እስኪያቀና። ይኼ ሰውዬ ግን ትንፋሽ የለውም!"

"ትንፋሽ የለውም!" ብዬ ጮህኩ።

ግቢው ሁሉ ዞሮ አየኝ። እኔ ግን የሚያየኝን አላየሁም። ሣጥኑ! አዲሷ ሣጥን ትቸኩላለች። ዝምታዋ ለአዲሶቹ መብራቶች ይበቃል፤ አሮጌዎቹ ግን አይሰሟትም። ዙሩ እንደገና ሲጀመር እነሱ ባለፈው ላይ ይደምራሉ፣ የሌላውን ቁጥር እንደራሳቸው ይወስዳሉ። አላበዱም እኮ! መጀመሩን የነገራቸው ስለሌለ ነው። ሽማግሌውን ጉንጫቸውን ሳምኳቸው። ደንግጠው ወደ ኋላ አሉ። ክንዳቸውን ይዤ ሁለተኛ ቢሮ በር ላይ አደረስኳቸውና፣ "አባባ፣ እዚህ ይጠብቁኝ... አይ፣ አይጠብቁኝ፣ ስልክ ቁጥርዎን ይስጡኝ" አልኩ። ቡክራ በመባሌ ደስ ያለኝ በሕይወቴ ያን ቀን ብቻ ነው።

ባህሪ ለመድረስ ሁለት ሃይስ ታክሲ ቀየርኩ። ድልድዩ ላይ መኪናው ተጨናንቆ ቆመ፤ ፀሐዩ አናት ይበሳል። ወርጄ በእግሬ ልሂድ ብዬ ሦስት ጊዜ ተነስቼ ሦስት ጊዜ ተቀመጥኩ። ረዳቱ "ያ ዞል፣ አንተ ሰው፣ ሚስትህ ልትወልድ ነው እንዴ?" አለኝ። "ገና ላገባት ነው!" አልኩት። መኪናው ውስጥ ያለው ሁሉ ሳቀ፤ አንዲት እናት "ኢንሻአላህ" ብለው መረቁኝ።

አዳራሹ ስደርስ ሐጂ ወንበር ላይ ቁጭ ብለው አሮጌዎቹን የሚያወርድ ሰው በስልክ ያነጋግራሉ። ሰላም ሳልላቸው አልፌ ላፕቶፑን ከፈትኩ። የሣጥኗን ማስተካከያ ገጽ ፈለግሁ፤ አንድም ቀን ገልጬው የማላውቅ ገጽ ነው። ብሬክ፦ ዘጠና ስድስት ማይክሮሰከንድ። ማይክሮሰከንድ የሰከንድ ሚሊዮንኛ ነው፤ ሰው አያውቀውም፣ መብራት ግን ያውቀዋል። መቶ ሃያ ብዬ ጻፍኩ። ከአሮጌዎቹ ግማሹ ረግቶ ሰማያዊ ሆነ። ሐጂ ስልካቸውን ከጆሯቸው አወረዱ። መቶ ሃምሳ። ሦስት ብቻ ቀሩ፤ ጥግ ላይ ያሉት፣ ከሁሉም ያረጁት። ሁለት መቶ ብዬ ጻፍኩ።

ሠላሳ ሁለቱም በአንድ ላይ ሰማያዊ ሆኑ።

ምን እንደሆንኩ አላስታውስም። ጓደኞቼ እንደሚሉት ወንበር ላይ ወጥቼ እስክስታ መታሁ። ቀይ አደረግኋቸው፣ ቀይ ሆኑ። ከበሩ እስከ ኮሻው፣ ሙሽሮች እስከሚቀመጡበት መድረክ ድረስ፣ ብርሃኑን በተራ አስኬድኩት፤ ሄደ። ሁለት ቀን ሙሉ በከንቱ መሰላል ያስወጣኋቸው ጓደኞቼ ተሸክመው አዞሩኝ። ሐጂ ሲጠጉ ዓይናቸው ውስጥ መብራቱ ይታይ ነበር።

"ሹኑ ዳ? ምን ቀየርክ?"

"ምንም። ከመጀመራቸው በፊት ትንሽ ትንፋሽ ሰጠኋቸው።"

አልገባቸውም፤ ግን ትከሻዬን ይዘው፣ "ሰኞው ያንተ ነው" አሉኝ።

የሐሙሱ ሠርግ አማረ። እዚያው ግን አንድ ነገር አወቅሁ፦ ሣጥኗ ረሺ ናት። ኤሌክትሪክ በተቋረጠ ቁጥር፣ ካርቱም ውስጥ ደግሞ በየቀኑ ይቋረጣል፣ ወደ ዘጠና ስድስቷ ትመለሳለች። ጄኔሬተሩ ሲነሳ ቶሎ ብሎ ሁለት መቶ ማለት ያስፈልጋል። ይህን ለማንም አልተናገርኩም። ሙያ በልብ ነው አልኩ። ስደተኛ የሚያውቀውን ሁሉ ካስተማረ ነገ ወንበር ተሸካሚነቱም አይቀርለትም ብዬ ፈራሁ። አንድ ጓደኛዬ "ምኑን ነው የምትነካው?" ብሎ ሲጠይቀኝ ስክሪኑን በትከሻዬ ከልዬ "ኧረ ተወው፣ ረቂቅ ነገር ነው" አልኩት። ለእጮኛዬ ብቻ በስልክ ነገርኳት፤ የት እንደሚከፈት፣ ምን እንደሚጻፍ፣ ስንት እንደሆነ፣ ሦስት ቀን ደጋግሜ። እሷማ ተኝታለች ብዬ ነው።

ሰኞ መጣ። ሙሽራን ከቤቷ ሄዶ ማምጣት ወጋችን ነው፤ ግን ከአሠሪዎቿ ቪላ በር ላይ ሚዜ ሰብስቤ ልጨፍር? ዘበኛው ውሻ ይለቅብናል። ስለዚህ እኔ ኮሻው ላይ ቆሜ እንድጠብቅ፣ እሷ ደግሞ በአባት ወግ በሽማግሌ ክንድ ተይዛ እንድትገባ ተስማማን። ሽማግሌው ማን እንደሚሆኑ ለማሰብ አልተቸገርኩም። መምህሩ ጥያቄዬን ሲሰሙ ዓይናቸው እንባ ሞላ። "የራሴን ልጅ ለመዳር አልታደልኩም። እመጣለሁ" አሉ። የተዋሱት ኮት እጅጌው ረዝሞባቸው ነበር።

ከቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ መጋረጃው ሁሉ ተዘግቶ አዳራሹ እንደ ምሽት ሆነ። ከስድስት መቶው ወንበር ስልሳውን ብቻ ከፊት ደርድረናል። አንዱ ወንበር ላይ ስልክ ቆሟል፤ እናቷ ከጎንደር ነጠላቸውን አጣፍተው በዚያ ውስጥ ተቀምጠዋል። ሐጂ እንግዳ ሆነው ከፊት ናቸው። ኪቦርድ የሚጫወተው ጓደኛችን ጀመረ፣ በሩ ተከፈተ፣ እሷ ነጭ ለብሳ የመምህሩን ክንድ ይዛ ታየች። እልልታው ቀለጠ። እኔ እግሬ መሬት መንካቱን እንጃ።

መብራቱ ጠፋ።

ጥቁር ጨለማ። "ካህረባ!" አለ አንዱ፤ ኤሌክትሪክ ሄደ ማለቱ ነው። ጄኔሬተሩ አጉረመረመ፣ ተነሳ፣ መብራቶቹ ተመለሱ፤ አሮጌዎቹም አበዱ። ቀይ፣ ጨለማ፣ አረንጓዴ፣ ጨለማ። ላፕቶፑ ያለው ከበሩ አጠገብ፣ እኔ ያለሁት ወዲያኛው ጫፍ ነው። እዚያ ጋ ካሉት ጓደኞቼ አንድም የሚያውቅ የለም። ያላሳወቅኋቸው እኔው ነኝ! መምህሩ ብርሃኑ ዓይናቸውን ሲያጥበረብራቸው ባሉበት ደርቀው ቀሩ። ስልኩ ውስጥ እናቷ "ምን ሆነ? ልጄ የታለች?" ሲሉ ይሰማኛል። ከኮሻው ዘለልኩ። ሚዜዬ ኮቴን ያዘ፣ "ሙሽራ አይሮጥም!" እያለ ይጎትተኛል። በራሴ አፈርኩ።

ያኔ አየኋት። አበባዋን ለመምህሩ አስያዘቻቸው። ዓይነ ርግቧን ወደ ኋላ ጣለች። የቀኝ ጓንቷን በጥርሷ ስባ አወለቀችና ላፕቶፑ ላይ ጎንበስ አለች። አልቸኮለችም። አንድ ገጽ ከፈተች፣ ሌላ ከፈተች፣ ሦስት ጊዜ ተጫነች።

ሠላሳ ሁለቱም መብራቶች ነጭ ሆኑ።

መጀመሪያ የተነሱት ሐጂ ናቸው። "ያ ባሽሙሃንዲሳ!" ብለው ጮኹ፤ ካርቱም ውስጥ ለመሐንዲስ ሴት የሚሰጠው ማዕረግ ነው፤ እኔን አንድም ቀን እንዲህ ብለውኝ አያውቁም። ኪቦርዱ ከመጀመሪያው ጀመረ። እሷ ዓይነ ርግቧን መለሰች፣ መምህሩ ትንፋሻቸውን እስኪሰበስቡ ጠበቀች፣ ክንዳቸውን ያዘች። ከዚያ በእሳቸው እርምጃ ልክ፣ ቀስ ብለው፣ በብርሃኑ ሥር መጡ። አበባው አሁንም በሳቸው እጅ ነበር።

በዚያ መንገድ ላይ ሳያት በስልኩ ያለፉት ዝምታዎች ሁሉ አንድ በአንድ ታወሱኝ። ተኝታለች ያልኩት ሁሉ ስታዳምጥ ነበር። የምለው ጠፋኝ፤ አፌን መያዝ የማልችለው ሰውዬ።

አጠገቤ ስትደርስ ወደ ጆሮዬ ተጠጋች።

"ሁለት መቶ አስገብቻለሁ" አለችኝ። "በል አሁን ና፣ እናቴ እየጠበቀች ነው።"